ዓለሚቱ ለዳኛው ያለችው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይችን ዘልያታለሁ። ዛሬ ግን ጨነቀኝ፤ እናንተ ስሙኝ።

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያተራመሰ ሰሞን ነው። እኔ ቦንጋ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራ ነበር። ዳኛው ከሌላ አገር የመጡ፣ የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን የማይሰሙ ሰው ስለነበሩ አስተርጓሚ ሲጠፋ እኔ እጠራለሁ። አንድ ቀን ዓለሚቱ የምትባል፣ እናትና አባቷ የሞቱባት፣ አማርኛ የማትሰማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከደካ በኩል መጣች። አጎቷ ጋሽ ወልዴ ሞግዚት ልሁናት ይላሉ፤ ዋጫ ያለችው አክስቷም ለእኔ ትሰጠኝ ብላለች። አክስቷ የዚያን ቀን መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶባት አልደረሰችም። ሕጉ የልጅ ሐሳብ ይሰማ ይላልና ዳኛው በእኔ አስተርጓሚነት ማን ጋ መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት።

ልጅቷ አላቅማማችም። "አጎቴ ጋ አልሄድም። እህቴን ከትምህርት አስወጥቶ የዳራት እሱ ነው፤ እኔንም ይድረኛል። አክስቴ ጋ ስደዱኝ" አለች በካፊኖኖ።

ጉቦ አልበላሁም። ያስፈራራኝም የለም። አፈርኩ፣ በቃ! ልጅ በሰው ፊት አጎቷን እንዲህ ስታዋርድ እኔ አፈርኩላት፤ ጨዋ ላደርጋት ፈለግሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አጎቴ እንዳለ ይሁን ትላለች" አልኩ።

"እርግጠኛ ናት?" አሉ ዳኛው።

"አዎ ጌታዬ" አልኩ። ይህንንም እሷን ሳልጠይቅ እኔ ነኝ ያልኩት። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ እንዲያውም ጎሽ በሚል ዓይን አዩኝ። ጨዋ አድርጋት ብሎ ማን ለመነኝ? እኔ ምን ቤት ነኝ?

በማግስቱ ዳኛው ቢሮ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። እንጀራዬን ፈራሁ። ቆይቶ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ጎራ አልኩና የሌላ ሰው ወሬ አስመስዬ ጠየቅሁ። "ፍርድ ቤት ሐሳቧን ሰምቶ ከወሰነ እኛ ምን እናድርግ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ላይ ሁሉም ተሟልቷል። ሕጉ የጎደለው ምንም አልነበረም፤ ልጅቷን ከሕጉ የለየኋት እኔ፣ በገዛ አፌ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቦንጋ ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

"እርስዎማ ነግረውልኝ ነበር ጋሼ" አለችኝ። "እምቢ ያሉት ዳኛው ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።"

አሜን አልኩ። ሰማችሁ? አሜን ብዬ ሄድኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ትመርቀኛለች።