በበርሜሉ ውስጥ የነበሩት ቀይ ትሎች

የያዙኝ ወንዝ ውስጥ ቆሜ ነው። ከሞርሲቶ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ ጅረት ውስጥ፣ የጎማ ቡትስ አድርጌ፣ ጭቃ በወንፊት አጠልል ነበር። ሁለት ሰዎች ዳር ላይ ቆመው "ውጣ" አሉኝ። ወጣሁ። ወንፊቱን፣ ትሎች ያሉባቸውን ብልቃጦችና ደብተሬን ወሰዱ። ወደ እስር ክፍሉ የገባሁት ቡትሱ ውሃ እንደያዘ ነው፤ ስራመድ ይንቦጫረቃል።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ በሀዲያና በከምባታ ወንዞች የሚኖሩ ትሎችን እለያለሁ፤ የትኛው ዝርያ የት እንደሚገኝ፣ የት እንደማይገኝ እመዘግባለሁ። የታሰርኩት ግን በትል ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ በአንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስለ አካባቢያችን አስተዳደር ጥያቄ ጠይቄ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። አንዲት ከፍ ያለች መስኮት፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሰማያዊ በርሜል። እስረኛው ካቦ ብሎ ለክፍሉ አለቃነት የመረጣቸው የአዲሎ ሰው ነበሩ፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሸምገል ያሉ፣ ሶላታቸውን የማያዛንፉ። የታሰሩት መንገድ ላይ ያሳፈሩት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም በማለታቸው ነው። ቡትሴን አዩና "መጀመሪያ እሱን አውልቅ" አሉኝ። "እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም። ግን ቁጭ በል።"

በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ስለደረቀ ውሃ ከወንዝ በቦቴ መጣልን። ከሰዓት በኋላ አንዱ በጆግ ቀድቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳውና ጮኸ። ውሃው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። ሁለት ጎረምሶች በሀዲይሳ ተነጋገሩና ተነሱ፤ ሊገድሉን ነው፣ በርሜሉን በሩ ላይ እንገለብጠዋለን አሉ። እንደዚያ ቢያደርጉ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ሾፌሩ። ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ስለ ትል ነው የምታውቀው አላልክም?"

ጥቂት ውሃ በነጭ ክዳን ላይ አፍስሼ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ስድስት ነበሩ። ልቤ በደስታ መታ፤ እንደዚያ ባለ ቦታ ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ይሄ" አልኩ አንዱን በክብሪት እንጨት እየነካሁ፣ "ትል አይደለም። ጥቁር ራስ አለው፣ አያችሁ? የትንኝ ልጅ ነው፤ ያውም የማትናከሰው ትንኝ። ያኛው ግን እውነተኛ ትል ነው። ራሱና ጭራው አይለይም፣ ገላው ቀለበት ቀለበት ነው። የመሬት ትል ዘመድ ነው።"

"አልቅትስ?" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"አልቅትም ዘመዱ ነው። ግን እዚህ የለም።"

"ይገድላል?"

"አይገድልም። ጭቃ ነው የሚበላው። ግን አልዋሻችሁም፤ እሱ የሚመቸው ቆሻሻ የተጠራቀመበት ቦታ ነው። የበርሜሉ ቂጥ ከታጠበ ብዙ ጊዜ ሆኖታል ማለት ነው።"

ጎረምሶቹ ተቀመጡ። በዚያ ምሽት ውሃውን በአንድ ነጠላ አጥልለን ጠጣን።

በማግስቱ መርማሪው ጠሩኝ። ደብተሬ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቷል።

"ናይስ ማነው?"

"ትል ነው።"

"ሉምብሪኩለስስ?"

"እሱም ትል ነው፤ ወፈር ይላል።"

"ዱራሜም አንጋጫም ምልክት አድርገህለታል። ይሄ ሰረዝስ?"

"ፈልጌ አጣሁ ማለት ነው።"

"አዲሎ ጋ ሰረዝም የለ።"

"ገና ስላልሄድኩ ነው።"

ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። "አዲሎ ስብሰባ እንደጠራህ መረጃ አለን። ሄጃለሁ ብለህ እዚህ ላይ ጻፍና ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።" እስክሪብቶ ገፋ አደረጉልኝ።

ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አውቃለሁ፣ በየቀኑ ትመጣ ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁት። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ መለስኩላቸው።

"ያልሄድኩበትን አልጽፍም ጌታዬ። ግን ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልለምንዎት።"

"ምን?"

"በርሜሉን እንጠበው።"

ደብተሬን ዘጉት። "ውጣ" አሉ።

ምንም አልጠበቅኩም። በነጋታው ጠዋት ግን አንድ ወጣት ፖሊስ በሩን ከፍቶ "በርሜሉን ይዛችሁ ውጡ" አለ። ጓሮው ፀሐይ ነበር። ሾፌሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ትከሻቸው በርሜሉ ውስጥ ገቡና በአሸዋና በሳሙና ይፈትጉት ጀመር። ጎረምሶቹ ውሃ ያቀብላሉ። ጭቃው መሬት ላይ ሲፈስስ ሾፌሩ ጎንበስ ብለው "ይሄ ራስ አለው፣ የትንኟ ነው። ይሄ ደግሞ ቀለበታሙ" አሉ። አልተሳሳቱም። ሁላችንም ሳቅን። ፖሊሱም ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሄደና የራሱን ቢጫ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ።

"እኛም የምንጠጣው ከዚሁ ቦቴ ነው" አለ። "እስቲ ይሄንንም እዩልኝ።"

አጠብንለት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅኩ። ሾፌሩ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ነበር፤ አሁን መንገዱን ለልጃቸው ትተው አዲሎ ላይ እህል ይነግዳሉ። ብልቃጦቼን አልመለሱልኝም፤ ደብተሬን ግን ሰጡኝ። ዛሬም አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ እወርዳለሁ። ደስተኛ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም።

ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው በርሜሉን ያጠብንበትን ያንን ጠዋት ነው። አንዳንዶቹ ሌላ ነገር ጠብቀው ስለነበር ቅር ይላቸዋል። እዚያ የደረሰብኝን ሌላውን ነገር የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። "መቼ ነው የምትነግራቸው?" ትለኛለች። እኔም ይደርሳል እላታለሁ። ለጊዜው ግን ሲታወሰኝ ቀድሞ የሚመጣው ፀሐዩና የሰዎቹ ሳቅ ነው፤ ሲመጣም አልከለክለውም።