መዶሻ ለፈተና የለሰለሰች ጊዜ

ስሙ የወጣላት በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ደንበኛ ያሠራውን ቁም ሣጥን ሊረከብ መጣ። አባቷ «እንዴት ነው፣ ወደዱት?» ሲለው እሷ ከሰጋቱራው ክምር ላይ ቀና ብላ «አባዬ፣ በሩ እኮ ተንጋዷል» አለች። በሩ እውነትም ተንጋዶ ነበር። ደንበኛው ሳይረከብ ሄደ። አባቷ ግን አልተቆጣም። በሩን ነቅሎ እንደ አዲስ ሠራና ማታ ለእናቷ «ይቺ ልጅሽ መዶሻ ናት፤ ያገኘችው ላይ ነው የምታርፈው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡም ሰፈሩም መዶሻ አላት።

ተምራ ጉምሩክ ከተቀጠረች በኋላም ያው መዶሻ ነበረች። ዕቃቸውን ሊያስለቅቁ የሚመጡ ነጋዴዎች በእሷ መስኮት ላለመስተናገድ ወረፋ ይቀይሩ ነበር። «እህቴ፣ ትንሽ ብትተባበሪን» የሚላትን «የጻፉትና ያመጡት አይገናኝም፤ ምኑን ልተባበርዎት?» ትለዋለች። እናቷ «ልጄ፣ አፍሽን ካልሰበሰብሽ ባል አይሰበሰብልሽም» እያለች ስትመክራት አባቷ ጣልቃ ይገባል።

«ተያት እስቲ! እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የማትዋሸኝ እሷ ብቻ ናት።»

አባቷ ይህን በኩራት ይበል እንጂ የራሱ አፍ አንድ ወንድሙን አሳጥቶታል። ታናሽ ወንድሙ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ሚስት ያገባ ዕለት፣ ሙሽራዋ እየሰማች «ከዚህ ትዳር ልጅ ይወለድ ይሆናል እንጂ ሰላም አይወለድም» ብሎ ተናገረ። ቀልድ መስሎት ይሁን ከልቡ፣ ማንም አላወቀም። ባልና ሚስቱ ተዋደው ኖሩ፤ ልጅም ሰላምም ወለዱ። ሹፌሩ ግን የወንድሙን ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጠም። አባቷም ወደ እሱ አልሄደም። ስሙ ሲነሳ መጋዙን ያስቀምጥና፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር።

መዶሻ ያደገችው በሥራ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሚያወራው ራዲዮ የአገር ስም እየለቀመች ነው። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ዲፕሎማቶችን እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው። የቁጥሩን ክፍል እንደ ውሃ ጠጣችው። ጽሑፍ አንብቦ ሐሳብ የማገናዘቡንም አለፈች። የጣላት ሦስተኛው ነው። እዚያ ላይ አንድ ገጠመኝ ይቀርብና «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» ይባላል። «ግብዣ ላይ አለቃዎ ለሌላ አገር መልእክተኛ የተሳሳተ ነገር ሲናገሩ ሰሙ» የሚል ነበር አንዱ። መዶሻ ካሉት አማራጮች «ወዲያውኑ አርማቸዋለሁ» የሚለውን አከበበች። ሌሎቹንም እንዲሁ።

በሚቀጥለው ዙር ላለመውደቅ አስተማሪ ፈለገች። ጡረታ የወጡ ዲፕሎማት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ተፈታኞችን ያዘጋጁ ነበር። ንግግራቸው ጉሮሮ ስለማይቧጥጥ ተማሪዎቹ በሌሉበት «ለስላሳው» ይሏቸዋል፤ አንዳንዱማ «ዛሬ ለስላሳው ቀዝቃዛ ነው» እያለ ይቀልዳል። ሰውዬው የመዶሻን የድሮ መልሶች አንድ በአንድ አስነገሯትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንቺ ብትቀጠሪ በመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ይነሳል።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ገባት።

«ዲፕሎማት አይዋሽም» ይሉ ነበር አስተማሪው፣ ከታች የማተሚያው ድምፅ ወለሉን እያንዘረዘረው። «የዋሸ አንድ ቀን ይያዛል። ነገር ግን የተጠየቀውን ሁሉ አይመልስም። ከእውነቱ ውስጥ የማይጎዳውን ይመርጣል፤ በሩን ሳይዘጋ ይናገራል፤ ጠያቂው መልስ ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል።»

መዶሻ የያዘችውን የማትለቅ ሰው ናት። ይህንንም እንደ ቁጥሩ ያዘችው። ከሥራ በኋላ እዚያች ክፍል ውስጥ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ይለማመዳሉ። ከመመለሷ በፊት መተንፈስ ለመደች። «አይሆንም» የሚለውን ቃል ከአፏ አስወገደች፤ በእሱ ፋንታ «እንየው»፣ «ጊዜ ይጠይቃል»፣ «ከወዲሁ መናገር ያስቸግራል» ገቡ። ጉምሩክ መስኮቷ ላይ ሞከረችው፤ ነጋዴዎቹ ዕቃቸው ሳይለቀቅላቸው አመስግነዋት መሄድ ጀመሩ። አለቃዋ «ምን ነክቷት ነው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል።

ቤትም ሞከረችው። እናቷ የሠራችው ሾርባ ጨው በዝቶበት እንደሆን ስትጠይቃት «ጣዕሙ ጎላ ብሏል» አለች። አባቷ ማንኪያውን አስቀምጦ አያት።

«ይሄ ሰውዬ ልጄን በብርጭቆ ወረቀት እያሸብኝ ነው እንዴ?» አለ። «ጨው በዝቶበታል በያት!»

«አባዬ፣ ለፈተናው እኮ ነው።»

«ለፈተናው ከሆነ ይሁን» አለና ሳቀ። ጥቂት ጎርሶ ግን ሳህኑን ገፋው። ሆዱን እያመመው ከሰነበተ ቆይቷል።

ሕመሙ ሲብስበት ሐኪም ቤት የወሰደችው መዶሻ ናት። ምርመራው ብዙ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሐኪሟ እሷን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠርታ ሕመሙ የጉበት ካንሰር መሆኑን፣ መሰራጨቱንም ነገረቻት። «ሕመሙን የሚያስታግስ ሕክምና እንጀምርለታለን። ከዚያ ያለፈውን ግን ተስፋ አልሰጥሽም። ወራት ከቆየ ጥሩ ነው» አለቻት። በዚያ ኮሪደር ውስጥ በቀጥታ የተናገረችው ሐኪሟ ነበረች። መዶሻ አመሰገነቻት፤ በኋላ ስታስበው ለምን እንዳመሰገነቻት አልገባትም።

እናቷ ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ የልጇን እጅ ያዘች። «እንዳትነግሪው። ከሰማ በቁሙ ነው የሚሞተው። በእኔ ሞት፣ አንቺን አውቅሻለሁ፣ እንዳትነግሪው።»

መዶሻ እሺም እንቢም አላለችም። ይህንንም ተምራዋለች።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ወደ ሥራ ቤቱ አስጠራት። መሥራት አቁሟል፤ ግን ሰጋቱራው ሲሸተው ይቀለኛል እያለ እዚያ ይውል ነበር። ያላለቀ የመስኮት ክፈፍ ላይ ተቀምጧል። ራዲዮውን ዘጋው።

«በሩን ገርበብ አድርጊው» አለ። «እናትሽ ዓይኔን ማየት ትታለች። ሐኪሟም ሳናግራት ወረቀቷን ነው የምታየው። አንቺ ግን አትዋሺኝም። ልሞት ነው?»

ከዚያ በኋላ መዶሻ በሕይወቷ ሙሉ ይህችን ሰዓት ስትመላለስባት ኖራለች። ለማልቀስም፣ ለመጮህም፣ «አዎ አባዬ» ለማለትም ጊዜ ነበራት። እሷ ግን እንደለመደችው መጀመሪያ ተነፈሰች።

«አባዬ፣ ሕክምናው ገና መጀመሩ ነው» አለች በረጋ ድምፅ። «ሰውነትህ እንዴት እንደሚቀበለው ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከወዲሁ ይህ ነው ብሎ መናገር ያስቸግራል። አሁን ዋናው ነገር መብላትህና ማረፍህ ነው።»

አንድም ውሸት የለበትም። አባቷ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። የተናገረው ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። የተናገረችው ግን መዶሻ ናት፤ መጥፎ ነገር ቢኖር ኖሮ ትለው ነበር። ትከሻው ሲረግብ አየችው።

«እሰይ» አለ። «እንግዲያው ጊዜ አለኝ ማለት ነው። ትንሽ ሻል ሲለኝ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። የምለው ነገር አለኝ።»

«ለምን አሁን አትደውልለትም? ወይ እኔ ልጥራው?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም። ታምሜ አስጠራሁት እንዲልም አልፈልግም። በእግሬ ሄጄ፣ ሚስቱ ባለችበት ነው የምናገረው። ቢያንስ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ደረጃ እስክወጣ ልጠንክር።»

የእውነቱ በር አሁንም ክፍት ነበር። «አባዬ፣ አትጠነክርም» ማለት ብቻ ነው የቀራት። እሷ ግን «እንየው» አለችው።

ከሥራ ቤቱ ስትወጣ ደግሞ ውስጧ የሆነ ደስታ ተሰማት። የእናቷን ልመና ስላከበረች አልነበረም። መልሱ አምሮ ስለወጣላት ነበር። «ለስላሳው ቢሰሙኝ ኖሮ!» ብላ አሰበች። ከሁሉ በላይ ራሷን የጠላችው በዚህ ነው።

ፈተናውን ተፈተነች፤ አለፈች። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከሁሉም በላጭ ሆና ነበር። ለአባቷ ስትነግረው አልጋ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። «መዶሻዬ ዲፕሎማት!» አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ አቋረጠው። ጎረቤት ሁሉ እንዲጠራ አዘዘ። ሰው ሲሰበሰብ ግን እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። አንድ ጠዋት ተነስቶ ሰው መለየት አቃተው። እናቷ ስልክ አንስታ ሹፌሩን ጠራች። ሹፌሩ ጭነቱን መንገድ ላይ ለሌላ ሹፌር ትቶ፣ ሚስቱን ከቤት ይዞ፣ እየበረረ መጣ። ሲደርስ ወንድሙ ይተነፍሳል እንጂ አይሰማም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ «እኔ ነኝ! አየኸኝ? እኔ ነኝ እኮ!» እያለ ጆሮው ላይ ደጋገመ። የወንድሙ እጅ ያገኘውን ብርድ ልብስ ይዳብስ ነበር። በማግስቱ አረፈ።

ቀብሩ አልፎ ለቀስተኛው ሲሳሳ አጎቷ ግቢው ውስጥ ብቻዋን አገኛት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እንደሚሞት ያውቅ ነበር?»

ነገረችው። ጥያቄውን፣ የመለሰችውን መልስ፣ «ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» ማለቱን፣ ምንም ሳታስቀር።

«በእግሩ ሊመጣ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ። የምለው ነገር አለኝ ብሎ።»

«አንቺን ብቻ ምን ብዬ ልውቀስ» አለ። «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰፈር መንገድ ላይ ስነዳ ኖሬያለሁ።» ይህን ብሎ ተነሳ፤ ግን እንደ ዘመድ ትከሻዋን ሳይነካ ነው የሄደው። ይቅር እንዳላትና እንዳላላት አልለየላትም። ሚስቱ ኋላ ቀርታ መሐረብ ሰጠቻት። «የሠርጉን ዕለት ንግግሩን እኮ እኔ የዚያኑ ሳምንት ነው የተውኩለት» አለች። «ያስቸገረኝ ይሄ ነው፤ ወንድሙ። እልሁ!»

ሥራ ከመጀመሯ በፊት መዶሻ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፎቅ ወጣች። ለአስተማሪው ሁሉንም ስትተርክላቸው የሚያጽናኗት መስሏት ነበር። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉ። «እኔ ያስተማርኩሽ ለባዕድ ነበር እንጂ!»

«ልዩነቱን አልነገሩንም።»

«ይሄም ይነገራል እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ ግን «መናገር ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተገናኙም።

ዲፕሎማት ሆነች። በሦስት አገር ሠራች፤ ንግግሯ ተመሰገነ፤ ማንም ሌላ ሰው ወዳልቻለው ስብሰባ እሷን ላኳት። ከባዕድ ከተማ ሆና ለእናቷ ስትደውል «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደክሞኛል እማዬ፣ ብቸኝነቱም ከብዶኛል» ትላት ጀመር፤ እናቷም እየተጨነቀች ትሰማታለች። መዶሻነቷ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አንዳንዴ ወዳጆቿ ግልጽ ነገር ሲጠይቋት ያ ትንፋሽ ቀድሟት ይወጣል፤ ያኔ ራሷን ትታዘባለች።

ለእረፍት በመጣች ቁጥር አጎቷ ቤት ትሄዳለች። እሱ ስለዚያ ጉዳይ አንስቶ አያውቅም። የሚጠይቃት ስለ ሰው አገር መንገድ ነው፤ አስፋልቱ እንዴት ነው፣ ዳገቱስ፣ ከባድ መኪና በየት በኩል ያሳልፋሉ። መኪና መንዳት ካቆመ በኋላ ግን አንድ ቀን፣ ሚስቱ ሻይ እየቀዳች ሳለ፣ ድንገት ዞረባት።

«ወንድሜ... ሊለኝ የነበረው ምን ነበር?»

መዶሻ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሊያጽናናው የሚችል ዓረፍተ ነገር ወዲያው ተሰካክቶ መጣላት፤ አባቷ ራሱ የተናገረው የሚመስል፣ ሚስቱንም የሚያነሳ፣ ደስ የሚል። ሽማግሌው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።»

አጎቷ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ስኳሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።