የራሴ እህት

መሞቴን ያነበብኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ ያገራችን ስደተኞች በሚበዙበት ዮቪል በሚባል ሰፈር ከፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ ነው። ቢሮዋ የአንድ ያገራችን ሰው ናት። ጠበቃ አይደለም፤ ግን ቅጽ መሙላት ያውቃል፣ የትኛው ወረቀት በየትኛው መስኮት እንደሚገባም ያውቃል። ባለቤቴ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቤ ተቀምጧል። ልጃችን መኪና ማቆሚያ አጥቶ ታች ቀርቷል።

የሄድነው ለእኔ ፐርማነንት፣ የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት፣ ለማመልከት ነበር። ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በፊት በአሳይለም፣ ጥገኝነት ጠይቆ ገብቶ፣ ቆይቶ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ነው። የቋሚ ነዋሪ ሚስት ትዳሯ አምስት ዓመት ካለፈው በትዳሯ ማመልከት ትችላለች። የእኛ አርባ ሊሞላው ነው። ስኳሩ እግሩን ካስቆረጠው በኋላ በጎብኚ ቪዛ መጣሁ። ቪዛው አንዴ ታደሰ፤ ያን ጠዋት ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከወጣሁ መመለሴ ያጠራጥራል። እሱ ደግሞ ዓይኑ ስለደከመ የመርፌውን መስመር አያይም፤ ጠዋትና ማታ የምወጋው እኔ ነኝ።

ወረቀት አስፈጻሚው የባለቤቴን የድሮ ፋይል ቅጂ አስወጥቶ ነበር። እያገላበጠ ሲያነብ ቆየ። ከዚያ አንዱን ገጽ ወደ እኔ አዞረው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። ሚስቱ የሞተችበት ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ የአባቴ ስምና የሞትኩበት ዓመት ተጽፏል። ዓመቱ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈበት ነው። ያኔ ዳቦ ደፍቼ ጎረቤት ጠርቼ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ያኔ የተጻፈ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኛ።»

«በምን ሞትኩ?»

«አልጠየቁኝም።»

አስፈጻሚው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ባለቤቴ ነገሩን ያስረዳኝ መኪና ውስጥ ነው። አብረውት የገቡት ሰዎች መክረውት ነበር። ሚስት አለችኝ ካልክ ለምን ትተሃት መጣህ ይሉሃል፤ ልጆችህን ካላስመዘገብክ ደግሞ ኋላ አይመጡልህም አሉት። ልጆች ያሉት፣ ሚስት የሌለው ሰው መሆን ነበረበት። ልጃችን በአሥራ አምስት ዓመቱ የመጣው በዚያ ፋይል ነው። የእሱም ወረቀት የቆመው በእኔ ሞት ላይ ነው ማለት ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ አትነግረኝም?»

«በስልክ ሞተሻል ልበልሽ?»

ልጄ መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ያያል።

አስፈጻሚው ግን ከቢሮው ሳንወጣ መውጫ አግኝቶልን ነበር። እኔ እንደ ብዙ ያገሬ ሰው ሁለት ስም አለኝ። አንደኛው ቤት የወጣልኝ ነው፤ ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ አወጡልኝ። ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚጠራኝ በቤት ስሜ ነው፤ ፋይሉ ላይም ያንን ነው ያስጻፈው። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ስሜ ነው። ካርድ ክፍል ሳለሁ ይህ ጣጣ በየቀኑ ነበር። ሰውዬው አንድ ቀን በአንድ ስሙ፣ ሌላ ቀን በሌላው ይመጣና አንድ በሽተኛ ሁለት ካርድ ይኖረዋል። የአባት ስምና ቀበሌ እያመሳከርኩ አንድ ላይ እሰፋቸው ነበር። የሟቾችን ካርድ ለብቻ አስረን ታችኛው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን።

«እግዜር ሲረዳችሁ!» አለ አስፈጻሚው። «በወረቀት ሁለት ሴቶች ናችሁ እኮ፣ እናቴ። ያባት ስም አንድ፣ ያያት ስም አንድ። እህትማማች! ሚስት ስትሞት እህቷን ማግባት በእኛ ዘንድ ያለ ነው። እህትዎ ሞቱ፣ እርስዎ ገቡ። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ማስተካከል ነው፣ እሱን ለእኔ ይተዉት። ከአገር ቤት የሞት ምስክር ወረቀት ብቻ ታስመጣላችሁ።»

«የማንን?»

«የእርስዎን… ማለቴ የእህትዎን።»

ልጄ በዚያ ቀን ቤት ካደረሰን በኋላ ወዲያው አልሄደም። ሱቁ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለች ስፓዛ፣ ዳቦና ዘይትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። በዚያን ሰሞን የአገሬው ሰዎች እየተሰበሰቡ ከስደተኞች ሱቆች ደጃፍ ይቆሙና ወረቀት አሳዩ ይሉ ነበር። እሱ ወረቀቱን አሳይቶ ያልፋል። ይህን ሁሉ አላነሳም። «እማዬ፣ ምን አለበት? ወረቀት ነው» ብቻ አለኝ።

«አንተስ ያኔ ምኔ ትሆናለህ?»

«የእህትሽ ልጅ።»

ምሳ አቀረብኩለት፤ በላና ሄደ።

የምንኖረው ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቤቱ በር አለ፣ ከበሩ ውጭ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ደረጃው ሥር ሌላ ፍርግርግ አለ፣ ከዚያ የግቢው በር። አራት ቁልፍ በአንድ ክር አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ቪዛዬ ሊያልቅ ሲቀርብ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ማለፍ ተውኩ። ቀኑን መስኮት ዳር ተቀምጬ የሰው ልብስ ሲሰጣና ሲሰበሰብ አያለሁ። አገሬ ያለውን ሰፊ ደጅ አላስብም አልልም።

ከሰዓት ከሰዓት ለጥያቄው እንለማመድ ነበር። ባልና ሚስትን ለየብቻ አስገብተው ይጠይቃሉ ስለተባልን አስፈጻሚው ዝርዝር ሰጥቶናል።

«መቼ ተጋባን?» ይላል ባለቤቴ።

«ስድስት ዓመታችን ነው።»

«ሠርጉ?»

«የለም። ዕድሜያችን ስለገፋ።»

«ጎበዝ። አንቺ እኮ በዚህ ከእኔ ትበልጫለሽ።»

«እንዳንተ ግን ሰው ገድዬ አላውቅም።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዝርዝሩን ተቀብዬ በተራዬ ጠየቅኩት።

«እህቴ ስትሞት እኔ አለቀስኩ?»

«በጣም።»

«አንተስ?»

የተቆረጠ እግሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና ዛሬ ይበቃል አለ።

ለማመልከቻው የደረት ራጅ ያስፈልግ ነበር። ራጁን ለመነሳት በሄድኩ ቀን አጠገቤ ኢራናውያን ባልና ሚስት ተቀምጠው ነበር፤ ስልሳ ገደማ የሚሆናቸው። እነሱም በትዳር ነው ያመለከቱት፤ ቋሚ ነዋሪው ባልየው ነው። ማመልከቻቸው አራት ዓመት ስለቆየ የምርመራው ወረቀት ጊዜው አልፎ በድጋሚ ሊነሱ መጥተዋል። ሴትዮዋ ጭኗ ላይ ወፍራም አልበም አስቀምጣለች። ከቤት ስትወጣ ይዛው ነው የምትወጣው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ጽፋለች። ቀስ ባለ እንግሊዝኛ አሳየችኝ፤ ሠርጋቸውን፣ የባሕር ዳር ጉዟቸውን፣ የአባቷን ቤት።

«አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ» አለችኝ። «ከወጣሁ ማመልከቻው ይቋረጣል ተባልኩ። አልሄድኩም።»

ባልየው ጣልቃ ገባ። «እኔም ልፈታት ብፈልግ አልችልም። ወረቀቱ እስኪመጣ ሁለታችንም እስረኛ ነን።»

በአልበሙ ትከሻውን መታችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ሲጠይቁኝ እንደ ሌባ እንቀጠቀጣለሁ» አለችኝ። ከዚያ «ያንቺስ ፎቶ?» አለች።

ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት የሠርግ ፎቶ ነበረችኝ። አላወጣኋትም። ፎቶዋ ላይ ያለችው የሞተችው ነበረች።

ወንድሜ ዘንድ የደወልኩት በማግስቱ ነው። ታናሼ ነው፤ በትውልድ ከተማችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ያገለግላል። ለሞት ምስክር ሦስት ሰው መፈረም አለበት፤ አንዱ የቅርብ ዘመድ ይሁን ተብሏል። ባለቤቴም እንዲሰማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት።

ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀ። «እና ድንኳን ልጣልልሽ፣ እትዬ? ዕድር ልጥራ?»

«ፊርማ ብቻ ነው።»

«ቀብሯ የት ነው ሲሉኝስ? ማንን ላሳይ?»

«አይጠይቁም አሉ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠራሁት።

«አለሁ» አለ። «እትዬ፣ አባታችንን ቀብሬያለሁ። እናታችንን ቀብሬያለሁ። አንቺን በቁምሽ አልቀብርም። ዛሬ ሞታለች ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ የእውነት ስትሞቺ ማንን ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ደህና ሁን ብዬ ዘጋሁ። ተናድጄበት ነበር። እሱ ሰፊ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነው ይህን የሚለው፤ የቪዛ ቀን አይቆጥርም። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ጨርሼ ስዞር ባለቤቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«እስክሪብቶ ስጪኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ስጪኝ አልኩሽ።»

ቃሉን በአማርኛ ጻፈው። ዓይኑ ስለማይረዳው መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሚስቴ አልሞተችም፣ በሁለቱም ስም የምትጠራው አንዲት ሴት ናት፣ ሞታለች ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም፣ ልጄም ያኔ ልጅ ስለነበር አያውቅም። ከዚህ ሌላ ምክንያትም ይቅርታም አልጻፈም። ወደ እንግሊዝኛ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። «እሷ አታውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ቀጠልኩ።

ልጃችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጣ። አባቱ ወረቀቱን ሰጠው። ቆሞ አነበበው።

«አባዬ፣ ይሄ ሲገባ ቀድመው የሚጠሩት እኔን ነው።»

«ይጥሩህ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር በል። የዋሸው አባቴ ነው በል።»

«ወረቀቴን ቢወስዱትስ? ሱቁስ? ልጆቼስ?»

ልጄን «አትፍራ» ብዬ ማታለል አልፈለግኩም።

«አንተ ካልፈለግክ እንተወዋለን» አልኩት። «ቪዛዬ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ።»

«አባዬን ማን ይወጋዋል?»

«አንተ ትማራለህ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «አክስቴ ብዬ መጥራት ሞክሬ ነበር» አለ። «መኪና ውስጥ፣ ብቻዬን። ከአፌ አልወጣ አለ። ነገ ጠዋት እወስዳችኋለሁ።»

ቃሉን በመሐላ ያጸደቅነው፣ እዚህ አገር እንደሚደረገው፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ወረቀቱን ያነበበችው ሴት ፖሊስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሟቿ አንቺ ነሽ፣ ጎጎ?» ትልልቅ ሴቶችን እዚህ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«እኔ ነኝ።»

«ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ።»

ከት ብላ ሳቀችና ማኅተሙን ሁለቴ መታችው። ባለቤቴ አልሳቀም፤ እጁን አንስቶ ሲምል ክራንቹ ወደቀና ልጄ አነሳለት።

አስፈጻሚው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሁለት ሰው ይመስክር አለን፤ እኛ ራሳችንን በገዛ እጃችን እንዳሰርንም ጨምሮ ነገረን። ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። «ለዚህማ መንደሩን አሰልፋለሁ» አለ። የላከው ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል። የዕድሩ ሊቀመንበር አለ፣ ድሮ ካርድ ክፍል አብራኝ የሠራችው ሴትም አለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፦ እናውቃታለን፣ በሕይወት አለች።

ማመልከቻው ቪዛዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ገባ። መልሱ እስኪመጣ በደረሰኙ እቀመጣለሁ። ይኸው አሥራ አንድ ወር ሆነ። ከአገር ብወጣ እንደተውኩት ይቆጠራል። በዚህ መሐል ወንድሜ ትልቋን ልጁን ዳረ፤ ሠርጉን በስልክ አየሁት፣ ምስሉ እየቆመ እየሄደ።

ባለፈው ሳምንት ጥሪ መጣ። የተጠራሁት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴና ልጄ ስለ ድሮው ፋይል እንዲያስረዱ ነው፤ ቀኑ የፊታችን ሐሙስ ነው። ልጄ ለአንድ ቀን ሱቁን እዘጋለሁ ብሏል። ሁለቱም ነጭ ሸሚዝ አላቸው፤ ተኩሼ ሰቅዬላቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መርፌውን ስሞላ ባለቤቴ በቤት ስሜ ጠራኝ።

«ወዬ።»

«ቢመልሱሽስ?»

«በስሜ እመለሳለሁ።»

ክንዱን ሰጠኝ፣ ወጋሁት። ከዚያ ክራንቹን ይዞ ተነሳና፣ መጥተው እንዳይወስዱኝ ይመስል፣ ፍርግርጉ መቆለፉን ሊያይ ሄደ። ቁልፎቹ አንገቴ ላይ ነበሩ፤ እሱም ያውቃል።