በስምንት ጎማ የቆመ ትዳር

እህቴ በከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ፣ ልደትና ሞት ትመዘግባለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ተንደላቆ የቆየውን ሕፃን እሷ በአራት ደቂቃ መዝግባ፣ ማኅተም መትታ፣ «ቀጣይ!» ብላ ትሸኘዋለች። ሞት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት፤ ሟች ጥያቄ አያበዛም። በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ጥድፊያ» ነው የሚላት። እሷ ራሷ በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው ይባላል። ታናሿ ስለሆንኩ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ባሏ እዚያው ፎቅ ላይ የሕንፃ ፕላን መርማሪ ነው። እሱ ያጸደቀው ሕንፃ እስከ ዛሬ ስንጥቅ አልታየበትም። እርግጥ ነው፣ ያጸደቀው ብዙ አይደለም፤ የቀረውን ገና እያየው ነው። መኪና ሲነዳ ከፊቱ ለመጣ ሁሉ፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም፣ መዳፉን በትሕትና ዘርግቶ «ይለፉ» ስለሚል «ጋሽ ይለፉ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ከጋሼ ጋር አብሮ ቢነሳ ግን እንቁላሉ ቀድሞ ይደርሳል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ በሁለት መኪና።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነበራቸው አንድ መኪና ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትልቁ አደባባይ ላይ ጋሼ አንዱን «ይለፉ»፣ ሌላውን «ይለፉ» ሲል እህቴ በሩን ከፍታ ወረደች። በእግሯ ቢሮ ገብታ፣ ሁለት ልደትና አንድ ሞት መዝግባ ስትጨርስ ነው እሱ ግቢው በር ላይ ብቅ ያለው። በወሩ የራሷን መኪና ገዛች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። እሱ ልጆቹን ሲያስጠና እሷ ልብስ ትተኩሳለች፤ ጎረቤት ሙሽራ ሲመርቅ «እንደ እነሱ ያድርጋችሁ» ይላል። ትዳሩ በስምንት ጎማ ላይ መቆሙን የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቹ ብቻ ነበርን።

አራቱን ጎማ ያወለቅኩት እኔ ነኝ።

የዚያው ማዘጋጃ ቤት የትራንስፖርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ግቢያችን የሚይዘው ዘጠና መኪና ነው፤ ሠራተኛው ግን በሦስት መቶ መኪና ይመጣል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሰውና አንድ ቦርሳ። አዲስ የመጡት ሥራ አስኪያጅ «ብቻዎን አይንዱ» የሚል ዘመቻ ጀመሩና ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። በየግድግዳው ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ የአውቶቡስ መስመር የሚያሳይ ካርታ በተንኩ፤ አብሮ መምጣት ለሚችል ሁሉ ቅጽ አስሞላሁ። ቅጹ ላይ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት እንጂ ስም አልነበረም። «የሠራተኛው ገመና ይጠበቅ» ያልኩት እኔው ነኝ፣ ብልጡ።

ኮምፒውተሩ የቅርብ ለቅርቡን እያጣመረ ዝርዝር አወጣልኝ። አንደኛ የወጡት ጥንዶች በመካከላቸው ያለው ርቀት ዜሮ ሜትር ነው። ዜሮ! አንዱ ከሌላው አርባ ደቂቃ ቀድሞ ይነሳል፤ የሚደርሱት ግን እኩል ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በረርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እህቴን ሳማ የኖርኩት ሰውዬ የዚያው ቤት ልጅ መሆኔን ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «በመካከላቸው አንድ እርምጃ እንኳ የሌለ፣ ግን በሁለት መኪና የሚመጡ ሠራተኞች አሉን። እስቲ ይነሱና እንያቸው» ብለው ሁለት ቁጥር አነበቡ።

የመጀመሪያው ቁጥር ተነቦ ሳያልቅ እህቴ ቆማለች። ቀጥሎ ከወደ ኋላ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጋሼ እየተነሳ ነው። ተነስቶ እስኪጨርስ ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«ጎረቤታሞች ናችሁ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ የዋህ ናቸው።

«ባሌ ነው» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እንዲያማ ከሆነ ባልየው እየነዱ ለአንድ ወር አርአያ ትሆኑናላችሁ!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። «አንተ! አሥራ ሁለት ዓመት ተጠንቅቄ ያቆየሁትን ቤት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ልታፈርሰው?»

«እትዬ፣ እናታችን ትሙት፣ ስም አልነበረበትም...»

«ዝም በል! ከሰኞ ጀምሮ ከኋላ ትቀመጣለህ። ብንጣላ ምስክሩ አንተ ነህ።» ልትሄድ ብላ ቆመች፤ ድምፅዋም ቀነሰ። «እንደዚያን ቀን አንዴ ከወረድኩ ግን ሁለተኛ ቤቱም አልመለስም። እኔ ራሴን አውቃለሁ።»

የምሯን ነበር። በጣም ፈራሁ።

ሰኞ ዕለት አደባባዩ ላይ ብቻ አሥራ ዘጠኝ መኪና አሳለፍን። እህቴ ከጎኑ ተቀምጣ የሌለ ነዳጅ በቀኝ እግሯ ትረግጣለች። ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ያ መንታ የወለደው ሰውዬ ስም አገኘላቸው?» ይላታል። «ፊት ፊትህን እይ!» ትለዋለች። ማክሰኞ ፍራሽ የተሸከመ ብስክሌተኛ ቀደመን፤ ዞር ብሎ አየንና አዘነልን። ረቡዕ ደግሞ ጋሼ መንገድ ዳር ለቆሙ አንዲት እናት አቆመላቸው።

«ይለፉ እናቴ።»

«አይ ልጄ፣ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው።»

«ግድ የለም፣ ይለፉ።»

ሴትዮዋ ይሉኝታ ይዟቸው ተሻገሩ። ጋሼ፣ ለመመለስም ያስቸግራቸዋል ብሎ፣ እስኪመለሱ ጠበቃቸው። እህቴ ጥርሷን ስታፋጭ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማኛል። በዚህ አያያዝ ወሩ ቀርቶ ሳምንቱንም እንደማንጨርስ ገባኝ።

ሐሙስ እህቴ ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራት እኔና ጋሼ ብቻችንን ሄድን።

ዓርብ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ጋሼ መዳፉን ዘረጋ። አንዱ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ ሰባተኛውም አለፈ። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው።

«አሁንስ በቃኝ፤ ወረድኩ!» አለች እህቴ። እጇ የበሩን እጀታ ያዘ።

 ላስታርቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ። «እትዬ ተይ እባክሽ! ጋሼ ሲፈልግ ይችላል እኮ! ትናንት ሁለታችን በአሥራ አምስት ደቂቃ ነው የደረስነው፤ አንድም ሰው አላሳለፈም!»

 ጋሼ በመስታወቱ አየኝ፤ እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቼበት አላውቅም።

«ከእሱ ጋር በአሥራ አምስት፣ ከእኔ ጋር በሃምሳ?» አለችው እህቴ። «ሆን ብለህ ነዋ!»

«አዎ» አለ ጋሼ።

«ምን በደልኩህ?»

ጋሼ መቼም መልስ ለመስጠት አይቸኩልም። የጭነት መኪናው ሁለቴ ጮኸ።

«ቤት ስትገቢ ልጆቹ አሉ፣ ስልክሽ አለ፣ እናትሽ አሉ» አለ። «ቢሮ ስትገቢ ሰልፈኛው አለ። አንቺን ብቻዬን የማገኝሽ እዚህች መንገድ ላይ ነበር። እሷንም በአሥራ አምስት ደቂቃ ብጨርሳት ምን ይተርፈኛል?»

እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ።  አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ስስቅ ኖሬያለሁ።

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?» አለችው።

«ያን ቀን ልነግርሽ ስል ወረድሽ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስነዳም ልማድ ሆኖብኝ ቀረ።»

እጇን ከእጀታው ላይ አነሳች። ጸጉሯን ከግንባሯ ላይ መለስ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ ውረድ።»

«እንዴ እትዬ፣ ቢሮው እኮ ገና ነው!»

«አውቶቡስ አለልህ። በየግድግዳው እየለጠፍክ ሰውን የምትመክረው አንተ አይደለህ?»

ጋሼን ያማልደኝ እንደሆነ ብዬ አየሁት። እሱ ወደ ኋላ ተጠማዞ በሩን እየከፈተልኝ ነው። ወረድኩ። ገና በሩን በቅጡ ሳልዘጋው መኪናዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። መንገድ ዳር ቆሜ በዓይኔ ተከተልኳቸው፤ እህቴ በሁለት እጇ እያወራች ነው። ወደ ቢሮ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ አልታጠፉም። አደባባዩን እንደገና ዞሩት።