የ«እርጥብ ክብሪት» ስምንተኛ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር ደረሰኝ። አንዱ ከለንደን የተደወለ ስልክ ነው። የወዳጄ የከድር ታላቅ እህት እትዬ ረውዳ ማረፋቸውን ልጃቸው ጀማል ነገረኝ። ከድር እዚሁ፣ ከእኔ ብዙ ሳይርቅ፣ እንግልውድ የምትባል ከተማ ነው ያለው፤ ሰኞ የልብ ኦፐሬሽን ቀጠሮ አለው። «አጎቴን እርስዎ ያውቋቸዋል፤ ከሰሙ ሁሉን ትተው አውሮፕላን ላይ ነው የሚወጡት። ኦፐሬሽኑን እስኪጨርሱ ከአፍዎ እንዳይወጣ ቃል ይግቡልኝ» አለኝ። ቃል ገባሁ። የሚያለቅስ ሰው በስልክ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ስልኩን ዘግቼ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ልጄ ሜሮን ከሥራ ገባች። «አባዬ፣ ያ ሁልጊዜ የምታወራው የለንደን ኮሚክ ሪል ነው እንዴ? እኔ ጆክ መስሎኝ ነበር» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

ለካ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ታሪኩን ኢንተርኔት ላይ ጽፎታል። በሥዕል የሚያሾፈው ጋዜጣ «እርጥብ ክብሪት» ይባል እንደነበር፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ምድር ቤት እየተዘጋጀ አምስት ቁጥር ብቻ ወጥቶ በገንዘብ እጦት እንደተዘጋ ያትታል። ከገጾቹም ጥቂቱን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። ሜሮን አንዱን አጉልታ፣ «ቁጥር አራት ላይ ኤቭሪ ኮፒ ስቴይን አለው። የፕሪንተር ፕሮብለም ነው ይላል» አለችኝ። ነጠብጣቡን አየሁት። የማተሚያ ችግር አይደለም፤ የእትዬ ረውዳ ሳምቡሳ ዘይት ነው። ሳቄ መጣ። ወዲያው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ትዝ አለኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ከድርን ያወቅሁት ሃያዎቹን ሳልጨርስ፣ እዚሁ አጠገብ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተጋርተን ስንኖር ነው። መውጫው በውጭ በኩል ያለ የብረት ደረጃ ስለነበር ማን እንደመጣ ከኮቴው እናውቅ ነበር። አዲሱ አየር ማረፊያ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም፤ እኔ እዚያ ዊልቸር እገፋለሁ፣ እሱ ታክሲ ይነዳል። ከለንደን ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የረባ ልብስ አልነበረውም። አምስቱን የጋዜጣ ቁጥሮች ግን በፎጣ ጠቅልሎ ነበር ያመጣቸው።

የጋዜጣውን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር፤ ሙስሊም መሆኑ አላገደውም። ምድር ቤቱ ያገለገሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ከሚሸጡበት ሱቅ በታች ነው። ከድር የሄደው ማሽን የመሸከም ሥራ ፍለጋ ነበር፤ በር ተሳስቶ ጸጉራቸውን ያላበጠሩ እንግሊዞች መሐል ገባ። ብሩሽ መያዝ ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ቻለ። እነሱ መስመሩን ይሥላሉ፣ እሱ ጨለማውን፣ ጥላውን፣ የፖሊሱን ኮት በቀለም ይሞላል። «እዚያ ጋዜጣ ላይ ያለ ጨለማ ሁሉ የእኔ ነው» እያለ ይኩራራ ነበር።

የሚያሾፉት በአከራዮች፣ በዳኞችና ሰልፍ መያዝ በሚወዱ ሰዎች ነው። ሁለተኛው ቁጥር ላይ አንድ ጳጳስ ሥለው ማተሚያ ቤቱ ከእንግዲህ እንዳትመጡብኝ አላቸው። ሌላ ማተሚያ ቤት እስኪያገኙ ብዙ ተንከራተቱ። አራተኛው ሲወጣ የሚያጣጥፉበት ቦታ አጡ፤ ያኔ ነው እትዬ ረውዳ ሳሎናቸውን የሰጡት። ከድርን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉትና ለንደን የወሰዱት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ሥራ ምን እንደሆነ በቅጡ ባይገባቸውም እንግዳ ያለ ምግብ አይቀመጥም ብለው፣ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጠው ለሚያጣጥፉት ልጆች ትኩስ ሳምቡሳ ያቀርቡ ነበር። አምስተኛው ቁጥር አንድ ወረቀት ብቻ ሆነ፤ ጋዜጣው በዚያው ሞተ። ከድር እንደሚለው የገደለው ገንዘብ ሳይሆን ኩርፊያ ነው። ሽፋኑን ማን ይሣል ተባብለው ተኮራረፉ። እኔም የማምነው ይሄንን ነው። ገንዘብ ያጣ ሰው ይበደራል፣ የተኮራረፈ ሰው ግን ጋዜጣ አያወጣም።

ሕቡዕ ጋዜጣ ሲባል የኛ አገር ሰው ዞር ዞር ብሎ ያያል። ታላላቆቻችን ሕቡዕ ወረቀት ይዘው ሲገኙ ምን ይደርስባቸው እንደነበር እናውቃለን። ከድር፣ እንግሊዞቹ የተደበቁት ከቤት አከራይ ብቻ ነው ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው።

«ጋዜጣው አልሞተም፤ አድራሻ ነው የቀየረው» አለኝ አንድ ቀን። ስለዚህ ኦሮራ ላይ ያወጣነው የመጀመሪያ ቁጥር ስድስት ሆነ። ጥቅምት ነበር፤ ዛሬ በረዶ ጥሎ ነገ በሸሚዝ የሚያስኬድ፣ የዚህ አገር ሰማይ በሰው የሚያሾፍበት ወር። ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ አረንጓዴ ቃሪያ የፈሰሰበት ቡሪቶ የሚሉትን የቂጣ ጥቅል እየገመጥን ሐሳብ እናወጣለን። ሹፌሩ ሁሉ ሳያውቀው ያቀብለናል። ቁጥር ስድስት ተራ ዘሎ በገባ ሹፌር ምክንያት የተሰበሰበ ሸንጎ ነበር። ቁጥር ሰባት ደግሞ አንድ ወንበር ለሁለት የያዙ ሊቀመንበሮች። ስማችንን አልጻፍንም። በታክሲዎቹ የዝናብ መጥረጊያ ሥርና በሐበሻ ሱቆች በበርበሬና በስልክ ካርድ መሐል እየተውን እንሄዳለን።

ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ፣ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው የማይሆን ሽማግሌ ነበሩ። በቁጥር ሰባት ባርኔጣቸውን ከሰውነታቸው አግዝፈን አወጣናቸው። «ይሄን የሠራ ያልተቀጣ ልጅ ነው» እያሉ በየሱቁ ዞሩ። በኋላ ባለሱቁ እንደነገረን፣ ከራሳቸው አልፈው ለዘመድ የሚልኩትን ቅጂ ጭምር ወስደዋል።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ከድር ሲሥል እጁ የተባረከ ነው፤ አማርኛ ሲጽፍ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የተመሰገነ ነው። ስለዚህ እሱ ሰዎቹን ይሥልና ንግግራቸው የሚገባበትን ክብ ባዶ ይተወዋል፤ ያንን ክብ ፊኛ እንለው ነበር። የሚሉትን በቁራጭ ወረቀት ጭሮ ይሰጠኛል፣ እኔ አሳምሬ ፊኛው ውስጥ አሰፍረዋለሁ። ቃሉ የእሱ፣ እጁ የእኔ።

በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር ይዤ ነበር፤ የነርስ ረዳትነት ፈተናና የአገር ቤት ጉዞ። አባቴን ለገና ላየው ነው። ደብረ ብርሃን ነበር የሚኖረው። ሲደወልለት ስልክ እንደ ርቀቱ መጮኽ የሚፈልግ እየመሰለው ይጮኻል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ስደውል ግን «ፀበል ሄዷል» ይሉኛል። ፀበሉም ረዘመ። እኔ እንደሆንኩ በጉዞው ደስታ ሰክሬያለሁ፤ ፀበል ሄዷል ማለት ምን ሊሆን እንደሚችል አገር ያወቀውን አላወቅሁም።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ስጦታው ካፖርት ነው። ከድር ልክ የአባቴ ትከሻ ስለነበረው ሱቅ ይዤው ሄድኩና መስታወት ፊት አቁሜ ግራጫ ካፖርት አለበስኩት። «እስቲ ዙር» አልኩት። ዞረ። «እጅህን ዘርጋ።» ዘረጋ። «ይሞቃል?» ስለው «ይሞቃል» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ሥራ ያደከመው መሰለኝ። ለካ በዚያው ሳምንት ጋሽ ታፈሰ ጠርተው አባቴ መሞቱን ነግረውታል። ፈተናዬን እስክጨርስ ከአፉ እንዳይወጣ አስምለውታል። እሱም «ወላሂ ከአፌ አይወጣም» ብሏል። ያን ካፖርት ለብሶ መስታወት ፊት የቆመው ይህን ተሸክሞ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለሥራ ሲወጣ የቁጥር ስምንትን የመጀመሪያ ገጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ቁራጭ ወረቀት አልነበረውም።

«ቃሉስ?» አልኩት።

«ቃሉን አንተ ሙላው» ብሎ ፊቴን ሳያይ ወጣ።

በሥዕሉ ላይ ገና አልነጋም፤ ሰማዩን ከዳር ዳር በጥቁር ሞልቶታል። አንድ የብረት ደረጃ አለ። ደረጃው ላይ ወፍራም ልብስ የደረቡ ሰዎች ተደርድረው፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይገፋል፤ አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም እንደሚባባሉ ያስታውቃል። ከፊት ያ ትልቅ ባርኔጣ አለ። ሁሉም ፊኛ አላቸው፣ ሁሉም ፊኛ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ማልደው መርዶ ሊናገሩ የሄዱ ሰዎች በር ላይ ሲገፋፉ ያልሳቀ በምን ይስቃል። ከዚያ ለማን ይሆን ብዬ በሩን አየሁ። የእኛ በር ነው፤ በአንድ ምስማር የተንጠለጠለው ቁጥሩ ሳይቀር ተሥሏል። ከደረጃው ግርጌ ከድር ራሱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዚያ ቤት የምንኖረው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እሱ ውጭ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው እኔ ነኝ።

አልጮኽኩም። ካፖርቱ ከነላስቲኩ ወንበር ላይ ነበር፤ አንስቼ ሰቀልኩት።

ማወቄን ለከድርም ለማንም አልተናገርኩም። እንዳወቅሁ ከታየብኝ ከድር በሰፈሩ ሁሉ መሐላውን የበላ ሰው ሊባል ነው። ቅዳሜ ተፈተንኩ። በእነዚያ ቀናት ሰው ከበር አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን በር ስገፋ አባቴን ለብቻዬ ያዝኩት። የሚያጽናናኝ አልነበረም፣ የሚያዝንልኝም አልነበረም፤ ስልክ ላይ ሲጮኽ ድምፁ ብቻ ነበረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ከእሱ ጋር የተቀመጥኩበት ጊዜ የለም። ሐዘኑ ከበደኝ፤ ግን የራሴ ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። በሩን ከፈትኩ። ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ዓይናቸው ሳሎኑ ላይ ቀረ። ለካ ሳላስበው ወንበር ደርድሬ ነበር። የእኛንና ከጎረቤት የተዋስኩትን ግድግዳ አስደግፌ፣ ልብሴን ለባብሼ ነው የጠበቅኋቸው። ጋሽ ታፈሰ ወንበሮቹን አዩ፤ ከድርንም አዩ።

«ነገርከው?» አሉት።

«ወላሂ ከአፌ አልወጣም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው ጋሼ፤ አንድ ቃል አልነገረኝም።»

ሁለታችንም አልዋሸንም። ጋሽ ታፈሰ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው አባትህ አርፏል፤ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ማስመሰል አልነበረበትም።

ቁጥር ስምንት አልወጣም። ያንን ገጽ ልሞላ ብዬ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ቃል አጣለሁ። ከድርም «ስምንት ሳይወጣ ዘጠኝ የለም» ብሎ ብሩሹን ሰቀለ። ቆይቶ አገባና ወደ እንግልውድ ሄደ። ካፖርቱን ሰጠሁት፤ ልኩ ነበር። ስለዚያ ሐሙስ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

«ለጸሐፊው ኢሜል ላድርግለት? አምስት ሳይሆን ሰባት ነው ብዬ ኮሬክት ላድርገው?» አለች ሜሮን፣ ይህን ሁሉ ካወራኋት በኋላ።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

መርዶ የሚደብቅ ሰው ክፉ አይደለም። ጋሽ ታፈሰም ክፉ አልነበሩም፤ ጀማልም ለአጎቱ ልብ ፈርቶ ነው። እኔም ፈራሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፈራሁ። ነገር ግን እትዬ ረውዳን ከድር ለብቻው የሚይዝበት ጊዜ ሳያገኝ ሰኞ ያ አልጋ ላይ ቢተኛና ባይነሳስ? ገጹን ከተቀመጠበት አወጣሁና ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንግልውድ ነዳሁ።

ከድር ከስቷል። ሻይ ቀድቶልኝ ስለ ታሪኩ ጸሐፊ አወራን፤ ሳምቡሳውን የፕሪንተር ፕሮብለም ብሎታል ስለው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ገጹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ጠፍቷል ብዬ ነበር» አለና መነጽሩን አደረገ። ደረጃውን፣ ባርኔጣውን፣ ባዶዎቹን ፊኛዎች አየ። እኔ ከአፌ እንዳይወጣ ቃል ገብቻለሁ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ የገባሁበትን በር አየ፤ እንደገና ወደ ገጹ ተመለሰ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

መሳቢያውን ከፍቶ ብዕር አወጣና ፊት ለፊቴ አስቀመጠው።

«ቃሉን አንተ ሙላው» አለኝ።

ለበሩ ከሚቀርበው ፊኛ ውስጥ «ረውዳ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ እንደ ድሮው ባያምርም ይነበባል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ከድር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሰኞ ሆስፒታል የምትወስደኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ገጹን ወደ ራሱ ሳበና በመዳፉ አስተካከለው።

«እንግዲህ» አለ፣ «ስምንት ወጣ።»