ጀርባዬን ሰጥቼ ያከምኳት ላም

እናቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ነው ያሳደገችኝ። እንግዳ ቁልፍ ሲመልስላት እንኳ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ይህ ሰው ያለማመን ጠባይዋ ወደ እኔም ተጋብቷል። ዩኒቨርሲቲ የግጦሽ መሬትና የከብት እርባታ ትምህርት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መዳቢዎቹን ነበር። «የሰው ልጅ ሐኪም ሲሆን አንቺን ከብት ጠብቂ ያሉሽ ማንን በድለሽ ነው?» አለች እናቴ።

ትምህርቱ ግን ያዘኝ። ሣሩን በየዓይነቱ መለየት፣ መሬቱ ስንት ከብት እንደሚችል መገመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላምን በዓይን መመዘን። የጎድን አጥንቷ፣ ዳሌዋና የጭራዋ ሥር ታይቶ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣታል፤ አንድ ያገኘችው አጥንቷ የገጠጠ፣ አምስት ያገኘችው ስብ የከበዳት ናት። እኔ በዚህ ፈጣን ነበርኩ፤ መምህራችን ሲያመሰግነኝ ልቤ ያብጥ ነበር።

ለመመረቂያ ጥናቴ ከከተማዬ በታች ወዳለ አንድ የይፋት ቆላ መንደር ወረድኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ማሾ የሚሉት ጥራጥሬ ማሳውን አልብሶታል። መጀመሪያ የገባሁት ባል የሞተባቸው አንዲት ሴት ግቢ ነበር። ያላቸው አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ ወተቷን ለከተማው ሻይ ቤቶች እየሸጡ ይኖራሉ። ላሚቱን ዞሬ ዞሬ አየኋት። ጎኗ ሞላ ያለ፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ። «አራት! እንዴት ያለች ድልብ ናት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ማሻአላህ» ማለት ነበረብኝ፤ እሱን ሳይሉ ማድነቅ በዚያ አገር ዓይን መጣል ነው። ሴትዮዋ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ላሚቱን ከለሉብኝ። በዚያው ቀን በሄድኩበት ቤት ሁሉ «ከብቱ ግጦሽ ወጥቷል» ተባልኩ፤ ከጓሮ ግን ጥጃ ይጮኻል።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በጩኸት ተነሣ። የሴትዮዋ ላም ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቆማ ታቃስታለች። ጎረቤቱ ከቧታል። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ለክብሬ ግን አልነበረም።

«መጣች! ዓይኗን የተከለችባት መጣች!» አሉ ሴትዮዋ። «ወላሂ ትናንት ደህና ነበረች!»

«እትዬ፣ ምን በልታ ነው?»

«ሣር ነዋ! ከደጄ ያጨድኩት ሣር!»

ጠርጣራ ነኝ ብያለሁ። ከላሚቱ ከንፈር ጥግ ለሐጭ ያጣበቀው ቅጠል አየሁ፤ የማሾ ቅጠል። እርጥብ ማሾ የጠገበች ላም ሆዷ አረፋ ይሞላል፣ ማግሳት ያቅታታል፣ ቶሎ ካልደረሱላት ትሞታለች። ሴትዮዋ ደግሞ ማሾ አልዘሩም። የዘራው ጎረቤታቸው ነው፤ እሱም እጁን አጣምሮ አጠገቤ ቆሟል። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ላሚቱ የበላችው የእሱን ማሾ ነው። «ማሾ» ብል እኔ ነፃ እወጣለሁ። ግን ካሣ ሲባል፣ ሽማግሌ ሲጠራ፣ ላሚቱ ትሞታለች። እርር እያልኩ «ዘይት አምጡ» አልኩ።

«አትጠጊያት! ዞረሽ ቁሚ!» አሉኝ ሴትዮዋ።

ዞርኩ። ፊቴን ወደ ጣርማ በር ተራራ፣ ጀርባዬን ለላሚቱ ሰጥቼ ማዘዝ ጀመርኩ። «ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሯት! አፏ ውስጥ እንጨት እንደ ልጓም እሰሩ! ዘይቱን በጠርሙስ ቀስ እያላችሁ፣ እንዳያንቃት! ግራ ጎኗን እሹላት!» ዘይቱን የሚያጠጣትን ሰው በድምፁ ለየሁት፤ ባለማሾው ነበር። «አይዞሽ የኔ እናት» ይላታል፣ ማሾውን የጨረሰችበትን ላም። ሳቄን ዋጥኩት።

ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ብትሞት ጥናቴም እኔም በዚያ አገር አበቃልን። ከኋላዬ እሽታውና ማቃሰቱ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ረጅም ግሳት መጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ኮምጣጣ ሽታው እኔ ድረስ ደረሰ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰዉ።

ደስ ብሎኝ ስዞር ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «አያችሁ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ያሰረቻትም እሷ፣ የፈታቻትም እሷ።» ማዳኔ ማስረጃ ሆነብኝ።

ጥናቴን ሌላ መንደር ጨረስኩ። ዛሬ እዚያው አካባቢ የእንስሳት ባለሙያ ነኝ። በዚያ መንደር ሳልፍ አሁንም ከብት ይደበቅብኛል፤ ላም ሆዷ ሲነፋ ግን ከማንም በፊት የምጠራው እኔ ነኝ።

በቅርቡ እንዲሁ ተጠርቼ ስመለስ ሴትዮዋ ከደጃቸው ጠቀሱኝና አስገቡኝ። ጥጃዋ አጠገባችን ታስራለች። እዚያ አገር ዓይኑ ለሚፈራ ሰው ወተት አይገለጥም። እሳቸው ግን አሁን የታለበውን አምጥተው ክዳኑን ፊቴ አነሡት።

«ዓይኔን አይፈሩም እንዴ እትዬ?» አልኩ።

«ያን ለታ ቅጠሉን ስታዪው አይቼሻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጠጪ።»

ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ስም እሳቸው አንድም ቀን አላመኑበትም ነበር። ንድድ አልኩ። ቢሆንም ጠጣሁት። ልወጣ ስነሣ ባለማሾው በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሴትዮዋ ክዳኑን ቶሎ መለሱና፣ «በይ እንግዲህ ጥጃዬን እንትፍ በይልኝ፣ ዓይንሽ እንዳይዛት!» ብለው ጮኹብኝ።

ጥጃዋን እንትፍ እንትፍ አልኳት።