ፊኛው እስኪወጣ

እትዬ የሚሏት ወንድምና እህቷ ብቻ አልነበሩም፤ የምትሠራበት ሆቴል ዘበኛም ሥራ አስኪያጁም እትዬ ነበር የሚሏት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። በካውያ እንፋሎት ውስጥ አርጅታ ወንድሟን ለሾፌርነት፣ ታናሽ እህታቸውን ለመምህርነት አበቃች። ራሷ አላገባችም። ለምን ሲሏት «መች ፋታ ሰጣችሁኝና» ትላለች።

አንድ ቀን አንሶላ ስትተኩስ ደረቷን ተጫናት። ላቡ ከእንፋሎቱ ነው ብላ የያዘችውን አንሶላ ጨረሰች። ከዚያ ነው የወደቀችው።

ሆስፒታል ሲያደርሷት የልብ ሐኪሙ ሥራዋን ጠየቃት።

«ተኳሽ ነኝ» አለችው ትንፋሽ እያጠራት። ደንግጦ ሲያያት «ልብስ ነው ልጄ፣ አትፍራ» አለችው።

የጠበቡትን የልቧን የደም ሥሮች ሊከፍቱ ሞክረው አልሆነላቸውም። ስለዚህ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ያለውን ረጅም ፊኛ ከልቧ በሚወጣው ዋናው የደም ሥር ውስጥ አኖሩት። አልጋው አጠገብ የቆመ ማሽን የልቧን ምት እየተከተለ ይነፋዋል፣ ያሟሽሸዋል።

«ልብ ሌላውን አካል የሚመግበው ሲጨመቅ ነው» አላት ሐኪሙ። «ለራሱ ደም በደንብ የሚደርሰው ግን ላላ ሲል ነው። ፊኛው ያን ጊዜ ይነፋና ደሙን ወደ ልብዎ ሥሮች ይገፋዋል። ሊጨመቅ ሲል ደግሞ ይሟሽሽና ሸክሙን ያቀልለታል።»

በማግስቱ ፊቷ ደም ሞላው። እግርሽን እንዳታጥፊ ተብላ በጀርባዋ እንደተኛች «ይሄን ፊኛ ቀድመው ቢሰጡኝ ልደቴን አከብርበት ነበር» ብላ እህቷን አሳቀቻት።

ኮሪደር ላይ ወንድሟ ሐኪሙን ያዘው። «ዳነች ማለት ነው?»

«አይደለም። ፊኛው የጠበበውን አይከፍትም። ልቧ በራሱ መሥራት እስኪችል ድጋፍ ነው፤ መውጣቱም አይቀርም።»

ሐኪሙ ሲሄድ ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። «የኪራይ ቤቷን ላስረክብ። ብትድንም ባትድንም ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም።»

«እሷን ሳንጠይቅ?»

«በዚህ ሁኔታዋ ምን ያስጨንቃታል?»

የእህቱን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጥሮት ወጣ።

ሐኪሞቹ ድጋፉን መቀነስ ጀመሩ። በየምቱ ይነፋ የነበረው ፊኛ በየሁለት ምቱ፣ ቀጥሎ በየሦስት ምቱ አንዴ ብቻ ይነፋ ጀመር። ያኔ ፊቷ አመድ መሰለ፤ አንሶላውን ጨምድዳ ያዘች። ማሽኑን ወደ ነበረበት መለሱት።

«አየህ ልጄ» አለችው ሐኪሙን ሲሻላት፣ «ልቤ ለራሱ መብላት አያውቅበትም።»

በሌላ ሙከራ ልቧ በመድኃኒት ታግዞ ቻለ፤ ፊኛው ወጣ። እህቷ ቤቷ ወስዳ ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍል አስተኛቻት። ሰነባብታ የልጆቿን ዩኒፎርም ታቅፋ ገባች።

«እትዬ፣ ቁጭ ብለሽ የሚሠራ ነው። እንዳይደብርሽ ብዬ እኮ ነው።»

ተኮሰችላት። ካውያውን ስታስቀምጥ «ነገ ቤቴ ልሂድ» አለች።

እህቷ ዓይኗን ሰበረች። «ቤቱ የለም። እሱ አስረክቦታል።»

«መቼ?»

«ፊኛው ሲገባልሽ።»

«እኔ እያሳቅኩሽ?»

በማግስቱ በየመንገዱ እየተቀመጠች ሄዳ ቤቱን አየችው። በሩ ላይ የማታውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። አንዲት ወጣት ብቅ ብላ «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት።

«ተሳስቼ ነው፣ የኔ ልጅ» ብላ ተመለሰች። ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

እሑድ ወንድሟ ብርቱካን ይዞ መጣ። ስለ ቤቱ አላነሳችበትም።

«ብርድ ልብሴን የት አደረስከው?» አለችው ብቻ።

«ለሰው ሰጠሁት እትዬ። ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«የእናታችን ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ መምጣቱ እየሳሳ ሄደ፤ ብርድ ልብሱም አልተገዛም። ክረምቱ ሳይገባ፣ የእህቷ ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ፣ በዚያችው ክፍል ሞተች።